የተዘፈዘፈው ድንጋይ

ነይ እታለም፣ ወዲህ ብርሃን ያለበት ጋ ቁጭ በይ። ወንበሩ ላይ ያለውን ጉጉት አንሺና ጠረጴዛው ላይ አድርጊው፤ አይነክስም፣ ከሞተ ቆየ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? እኔማ ይኸው፣ ብል የቀበሮዋን ጆሮ በልቶብኝ ከጠዋት ጀምሮ እሱን እሰፋለሁ። ሰው ሲያየኝ "ከሞተ እንስሳ ጋር መዋል አይከብድሽም?" ይለኛል። ምኑ ይከብዳል? ጭድ የተጠቀጠቀ ነገር እኮ በጣም ጥሩ ጎረቤት ነው፤ አያዝዝም፣ አይቆጣም፣ ባስቀመጥሽበት ይገኛል። ያንቺም ድንጋዮች ያው ናቸው። ሙዚየም ውስጥ የሚያስቸግረው በደመወዝ የሚመጣው ፍጡር ብቻ ነው።

ሻይ ላምጣልሽ? ተይው እሺ። ስብሰባው ከምሳ በኋላ ነው አይደል?... አትቆጪ! ስለ ስብሰባው አላወራም። አንቺው ራስሽ አይደለሽ በልጄ ያስማልሽኝ? "የሰማሽውን ኮሚቴው ፊት እንዳትናገሪ፣ ስለ ወንድሜም ክፉ ቃል ካፍሽ እንዳይወጣ" አልሽኝ፤ እሺ አልኩሽ፤ አለቀ። እኔ መሐላ አፍርሼ አላውቅም። ስለ ወንድምሽ ክፉ ባወራ አፌ ቁርጥ ይበል። አሁን የማጫውትሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። አንቺ አታውቂውም። እሱም እንዳጋጣሚ ሙዚየም ውስጥ ነው የሚሠራው... እንዳጋጣሚ የማዕድን ክፍል ኃላፊ ነው። ምን ይደረግ፣ ዓለም ሰፊ ናት፣ ሙዚየሙም ብዙ ነው።

"ድምፅሽን ቀንሺ" አልሽኝ? ለምን ብዬ? ግድግዳው ስስ መሆኑን መች አጣሁት! ይኸው ወንድምሽ ከወዲያ ማዶ እንግዶቹን ሲያስጎበኝ ቃል በቃል ይሰማኝ የለ? እሱን የማይመለከት የሰው ወሬ ጆሮው ቢገባ ምን ይጎዳዋል?

እና ይሄ ሰውዬ፣ እታለም፣ እንዴት ያለ የተማረ መሰለሽ! የተሾመ ሰሞን ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞር ዞር ብሎ አየና "ይሄ ነገር ዓይን አይስብም" አለ። እውነቱን ነው እኮ። ከሱ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ድንጋዩን በዘር በዘሩ ነበር የሚደረድሩት፤ ብረት ያለበትን ከብረት ዘመዶቹ ጋር፣ መዳብ ያለበትን ከመዳብ ዘመዶቹ ጋር። ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው? እሱ ግን "በቀለም ይደርደር" አለ። ነጭ ከነጭ፣ ቀይ ከቀይ፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ፣ ልክ እንደ ክር ሱቅ። እኔ ስሰማ አጨበጨብኩ። እስከ ዛሬ እንዴት ማንም አላሰበውም አልኩ። ምናልባት ሌሎቹ ስለ ድንጋይ ስለሚያውቁ ይሆናል... ማወቅ አንዳንዴ ሰውን ይገድበዋል። እሱን ግን፣ ይመስገነው፣ ምንም የገደበው ነገር የለም።

ቀጠለና ደግሞ፣ ሽማግሌው በእጃቸው እየጻፉ ከየድንጋዩ ሥር ያስቀመጧቸውን መለያ ወረቀቶች አየ። "እነዚህ ደግሞ አስቀያሚ ናቸው፤ ይነሱ፣ የሚያምር ይታተማል" አለ። ተነሱ። የሚያምረው ገና እየታተመ ነው። እንግዲህ አስቢው፤ ድንጋይ ሁሉ ስሙን ተገፎ፣ በቀለሙ ተሰልፎ፣ ማን ማን እንደሆነ ለድንጋዩ ለራሱም ግራ እስኪገባው ድረስ። በዚህ መሐል ዓርብ ከሰዓት እየተጣደፈ መጣ። ትልልቅ እንግዶች በሳምንቱ ሊመጡ ነው። "የነጩን መደርደሪያ ድንጋይ በሙሉ ለብ ባለ ውሃ፣ በሳሙና ዘፍዝፊው፤ ሰኞ ጠዋት አውጥተሽ ታደርቂዋለሽ" ብሎ አዘዘ። ማንን? ድንጋዮቹን የምታጸዳ አንዲት ሴት አለች እዚያ፣ እሷን ነዋ። እኔም በሩ ጋ ቆሜ... ማለቴ በሩ ጋ የቆመች አንዲት ሴት በጆሮዋ ሰምታለች። የነገረችኝ እሷ ናት፤ ውሸት አትወድም፣ ትንሽ ምላሷ ይሰላል እንጂ።

ዘፈዘፈችው። ምን ታድርግ? ወረቀት የለ፣ ስም የለ፣ መስታወት የመሰለው ሁሉ ተደባልቋል፣ ነጭ ሁሉ ነጭ ነው፤ አለቃ ደግሞ አዟል። ከነጮቹ መሐል ግን አንዱ... ያ የሕፃን ጭንቅላት የሚያክለው፣ እንደ መስታወት ወዲያ ማዶ የሚያሳየው... እኛም ጋ እንደሱ ያለ ነበረን አይደል? የትምህርት ቤት ልጆች ሁሉን ጥለው የሚከቡት። ሽማግሌው "ይሄ ጨው ነው" ሲሏቸው አናምንም ብለው የሚሟገቱት፣ እሳቸው አውቀው ዞር ሲሉላቸው በየተራ የሚልሱት! አንደኛው ጥጉ በልጅ ምላስ ተሞርዶ ክብ ሆኖ አልነበር? "ተዋቸው፣ በምላሱ የተማረ አይረሳም" ይሉ ነበር ሽማግሌው። አይ ሰውዬ! እንኳን ጡረታ ወጡ፤ ይሄን ሳያዩ።

ሰኞ ጠዋት ገንዳው ሲታይ ነጩ ድንጋይ ሁሉ አምሮበት፣ ገላውን ታጥቦ ተቀምጧል። ያ ግን የለም! ገንዳው ጥግ ላይ ያለቀ ሳሙና የምታህል ነገር ቀርታለች። መጀመሪያ ሌባ ነው ተባለ። ኋላ ያቺ ምላሷ የሚሰላው ሴት ጣቷን ውሃው ውስጥ ነከረችና ቀመሰች። ጉድ በይ! ባሕር ነው እንጂ የገንዳ ውሃ አይመስልም። ምድር ሆዷ ውስጥ ስንት ዘመን ያስቀመጠችውን፣ ቆፋሪ ያልሰበረውን፣ የስንት ልጅ ምላስ ያልጨረሰውን ነገር አንድ ቅዳሜና እሑድ ጨረሰው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ይሄኛው እያሳሳቀ ብቻ አይደለም፣ ለብ ብሎ፣ ሳሙናው እየሸተተ ነው የወሰደው። እንዲህ ያለ የተመቸ ሞት ማን ያገኛል እታለም?

እሰይ፣ ሳቅሽ! እንኳንም ሳቅሽ። ከሰኞ ጀምሮ ጥርስሽን አላየሁትም ነበር።

እንግዲህ የሰውዬው ትልቅነት የታየው እዚህ ላይ ነው። ዳይሬክተሯ መጣች፣ ሠራተኛው ሁሉ ገንዳውን ከቦ ቆሟል፣ "ይሄን ማነው ያደረገው?" አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል፤ ይንተባተባል፤ "እኔ ነኝ ያዘዝኩት" ብሎ ይቀባጥራል። እሱ ግን ምን በወጣው! ረጋ ብሎ፣ ክራቫቱን አስተካክሎ፣ "እኔ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ ነው ያልኩት። ሠራተኛዋ ናት የዘፈዘፈችው" አለ። ሠራተኛዋ... አነጋገሩን አየሽልኝ? አድልዎ የለ፣ ዝምድና የለ፣ ጥርት ያለ አስተዳደር! የድሮ ሰው የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይል ነበር፤ ያው የድሮ ሰው በእጁ ነበር የሚያላክከው። ዘንድሮ ግን ሠልጥነናል፣ በኮሚቴ ነው።

ውይ፣ ሞት ይርሳኝ! ዋናውን ሳልነግርሽ። ሴትየዋ ለካ እህቱ ናት! አዎ፣ የእናቱ ልጅ፣ ታላቁ። ዓለም መቼም ጠባብ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ዳዴ ይል ነበር አሉ። እሷ ደብተሯን ጥላ፣ እሱን አዝላ የዚያን ሙዚየም ወለል ትወለውል ጀመር። ጉልበቷ እዚያው ወለል ላይ ቀረ። እሱ ትምህርት ቤት ሲገባ ለሱ አዲስ ጫማ ገዛችና እሷ የዘበኛውን አሮጌ ጫማ ወረቀት ጠቅጥቃበት ስንት ክረምት ከረመች። ስትራመድ ኮቴዋ የወታደር ነበር እያሉ ዛሬም ይስቁባታል። ስሟንማ ማን ያውቀዋል? እሱ ሕፃን ሆኖ በቁልምጫ የጠራትን ነው ሙዚየሙ ሁሉ ተቀብሎ የሚጠራት፤ አለቃውም፣ ዘበኛውም፣ እኔም። ሰኞ ለት ደግሞ ሌላ አወጣላት፣ "ሠራተኛዋ"... ስም ማውጣት መቼም ተክኖበታል።

አታቀርቅሪ እንጂ፤ ስለማታውቂያት ሴት ነው የማወራው። የተሾመ ለት እኮ ያቺ ሴት እንባዋ በጉንጯ እየወረደ "ዛሬ ብሞትም አይቆጨኝም" ብላ ነበር። በማግሥቱ ቢሮው ጠራትና በሩን ዘግቶ "በሥራ ቦታ እርስዎ በይኝ" አላት። አይፈረድበትም! ንፍጡን ስትጠርግለት የኖረች ሴት በሰው ፊት አንተ ስትለው የቢሮው ወንበር ምን ይላል? እሷም እርስዎ አለችው። እኔ ነገሩ ቢያበሳጨኝ ምን ብላ መለሰችልኝ መሰለሽ... ማለቴ ለዚያች ለምላሰኛዋ ሴት፣ "ወንድሜን እርስዎ ለማለት መብቃቴስ ቀላል ነው እንዴ?" አለቻት። በዚህ ቃሏ የዚያን ዕለት ስቄባታለሁ። አሁን ግን ትዝ ሲለኝ አንጀቴን ይበላኛል።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባላል። ይሄን ተረት የተናገረው ሰው ሙዚየም ገብቶ አያውቅም እኮ። እኛ ቤት ጠጠር ክብር አለው፤ መስታወት ይሠራለታል፣ መብራት ይበራለታል፣ እንዳይነካ ዘበኛ ይቆምለታል። እንደኛ ቤት ከሆነ ያቺ ሴት ወርቋን ሰጥታ ጠጠር ብትቀበል ምን ይወጣላታል? ችግሩ ጠጠሩንም አለመስጠቱ ነው... የገንዳ ውሃ ነው የሰጣት።

ዝም በይ እስቲ፣ ስሚው፣ ስሚው! ወንድምሽ ቢጫው ድንጋይ ጋ ደረሰ። ይኸው፣ አንዷ "ወርቅ ነው እንዴ?" አለች። ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጠይቃል። "አይደለም፣ ወርቅ የሚመስል ነው፤ ብዙ ሰው ተታሎበታል" እያላት ነው። እውነት ነው፣ ያን ድንጋይ ወርቅ ነው ብሎ ቤቱን ሸጦ የተሸከመ አለ። እኔ ግን በድንጋዩ አልፈርድም። ወርቅ ነኝ ብሎ ተናገረ? የሚሞኘው ሰው ነው። እኔም በአንዱ ሹመት ቀን እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤ አውቃለሁ... ማን እንደነበር ረሳሁት።

አሁን ደግሞ ጥንካሬው ጋ ነው። "ይሄ በጥፍር ይጫራል፣ ይሄ በቢላ፣ አልማዝን ግን የሚጭረው የለም። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሱ የለሰለሰውን ይጭራል፤ ከሱ የጠነከረውን ግን አይደፍርም።" ወይ አነጋገር! ሳይንሱን ከሕይወት ጋር ሲያዋህደው አየሽ? ሰው ከልቡ የሚያውቀውን ነገር ሲያስረዳ እንዲህ ነው ደስ የሚለው። ይኸው፣ ስለ ወንድምሽ ደግ ተናገርኩ። ልጄ ይደግልኝ።

ቆይ፣ ቁጭ በይ፣ አትሂጂ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ስለዚያች ሴት ነው። ኮሚቴው ዛሬ "ማን አዘዘሽ?" ሲላት ምን ልትል እንዳሰበች ታውቂያለሽ? "ማንም አላዘዘኝም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" ልትል ነው! ይሄ እንደሚያስባርራት ታውቃለች። ጡረታዋ ደጃፍ ላይ ደርሶ ቆሟል፤ ከተባረረች ጡረታውም አብሮ ይሄዳል። ወንድሟ ተግሣጽ ቢደርስበት፣ ከወንበሩም ቢወርድ፣ ዲግሪ አለው፣ ጉልበት አለው፣ ሌላ በር ያንኳኳል። እሷን በዚያ ጉልበቷ ማን ወለል ያስወለውላታል? ማን ድንጋይ አጥቢልኝ ብሎ ይቀጥራታል፣ ያውም ስሟ ከጠፋ በኋላ? ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ ይሉ ነበር እናቶቻችን። የሙዚየም ነገር ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ እዚህ ድንጋይ ነው ተብሎ የተከበረው ጨው፣ ጨውነቱ የታወቀው ከሟሟ በኋላ ነው። አንዳንድ ሴትም አለች፣ ድንጋይ ናት ትችላለች እየተባለች ስትዘፈዘፍ የኖረች። ተናድጃለሁ እታለም፣ አልዋሽሽም። በማላውቃት ሴት ተናድጄ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ምን አልሽ?... "ልጅ ነው፣ ደንግጦ ነው"? ደንግጦማ ነው። ድንጋጤ ነውር አይደለም፤ እኔም ብሆን እደነግጥ ነበር። የሰው ልጅ በሰው መሐል ደንግጦ ይዋሻል፤ ማታ ደግሞ ልቡ ሲመለስ እህቱ ቤት ይሄዳል፣ እግሯ ሥር ይቀመጣል፣ "አፌ ነው፣ ልቤ አይደለም፣ ነገ አስተካክለዋለሁ" ይላል። ይሄን ቢያደርግ እኔ ራሴ ይቅር ብዬው፣ ስለ ጨው ሁለተኛ አላነሳም ነበር። መጥቶ ነበር?... ሰኞ ማታ?... ማክሰኞስ?... ስልክስ?... እሺ በቃ፣ አልጠይቅሽም፣ አታልቅሺብኝ። ሥራ በዝቶበት ይሆናላ። እንግዶች አሉበት። አንቺ ደግሞ በሩን ሳትቆልፊ አድረሽ ይሆናል፣ ምናልባት ቢመጣ ብለሽ... ውይ፣ አንቺ አልኩ እንዴ? እሷን ማለቴ ነው።

እ?... ጸጥ አለ። ጉብኝቱ አለቀ እንዴ? እንግዶቹ በወዲያኛው በር እየወጡ ነው። የሱ ኮቴ ግን ወደዚህ ነው። ተቀመጪ፣ ለምን ትነሺያለሽ? ሽርጥሽን ለምን ታወልቂያለሽ? አንቺ የተባረርሽ ሰው ነሽ እንዴ? እንባሽን ጥረጊ። እውነት ልንገርሽ? ይሄን ሁሉ የለፈለፍኩት ለቀበሮዋ ጆሮ ብዬ አይደለም። ማን ያውቃል፣ ግድግዳው ስስ ነው... ምናልባት ገብቶ "ነይ እታለም፣ እኔ እነግራቸዋለሁ" ይልሽ ይሆናል። ይበል እንጂ! ያን ጊዜ ተንበርክኬ እግሩን ባልስም እኔ አይደለሁም!

መጣ። በሩን ከፈተው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሰምቷል ማለት ነው። ቆሟል... ሊናገር ነው...

ምን አለ? "ኮሚቴው ተሟልቷል፣ ይምጡ"?

ይምጡ! ሰማሽ እታለም፣ እርስዎ አለሽ እኮ! ይኸው ውለታሽን መለሰልሽ። በሩንም ይዞልሽ ቆሟል፤ እንዴት ያለ ጨዋ ነው! ሂጂ እንግዲህ፣ ሂጂ፣ አልይዝሽም። እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ስለ ወንድምሽ አንድ ክፉ ቃል አልወጣኝም፣ እሱም እዚያ ቆሞ ይመስክር። ምርቃት ግን አልከለከልሽኝም። ሳልመርቀው አትሂዱብኝ።

ባለቤቱ ቀኗ ደርሷል አሉ፤ እሰይ! በሰላም ትገላገል፣ ማርያም ትቅረባት። የሚወለደው ልጅ ቁርጥ አባቱን ይምሰል፤ መልኩን ብቻ አይደለም፣ ልቡንም እንዳለ ይውሰድ። ይደግ፣ ይመንደግ፣ ይማር፣ ይሾም። አባትየውም ዕድሜ ጠግቦ፣ አርጅቶ፣ በልጁ ሹመት ደስ ብሎት እንባው በጉንጩ ይውረድ። ያን ጊዜ አንድ ቀን ሰው ተሰብስቦ "ይሄ ሽማግሌ ያንተ ማነው?" ብሎ ልጁን ሲጠይቀው... አባቱ ሰኞ ለት ያሳደገችውን በጠራት አጠራር፣ ልጁም እንዲሁ አድርጎ ይጥራው!

አሜን በይ እንጂ እታለም... ምነው? እጅሽን ከአፌ ላይ አንሺው... አሜን በይ፣ ምርቃት እኮ ነው!